ሞርሳው ላይ የቀረው ቀበቶ
ነሐስ ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ ዛሬም አዳማ ካለው ወርክሾፔ ወደ አባባ ይመልሰኛል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት አምራች ለውሃ ፓምፑ ስስ የነሐስ ቱቦ ሊያስቆርጥ አባባ ወርክሾፕ መጣ። የመጀመሪያውን ቱቦ የብረት መያዣው ሞርሳ ሲያጠብቀው ጨፈለቀው። የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄም ከተበላሸ ሽንኩርቴ ደረቀ በሉት» አለ ሰውየው።

አባባ ቀበቶውን ፈታ። የምገረፍ መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። እሱ ግን ቀበቶውን ለሁለት ቆርጦ የሞርሳውን መንጋጋዎች አለበሳቸው።

«አጥብቆ መያዝና መጨፍለቅ ይለያያል፣ ልጄ» አለኝ። ስለ ቱቦው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቱቦው ሳይጫር ተቆረጠ። አባባም ሱሪውን በእጁ ይዞ ቤቱ ገባ።

ዛሬ እንደዚያው ያለ ስስ ቱቦ መጣልኝ። ሠራተኛዬ «ዝም ብለን እናጥብቀው» አለ።

ቀበቶዬን ፈታሁ።