ሕልም ነው ያሉኝ ጠዋት

ሐኪሙ የጭንቅላቴን ምስል ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይሄ የሌላ ሰው ነው» የሚል ነበር። ግራጫ ነገር ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ነጭ አጥንት ከቦታል። ወጣቱ ሐኪም በእስክሪብቶው ጫፍ ከግንባሬ ጀርባና ከጆሮዬ ከፍ ብሎ እየጠቆመ፣ «የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ላይ እዚህ ጋ ደም ነበር። አሁን በኤም አር አይ ስናየው ደሙ ጠፍቷል፤ ትንሽ ጠባሳ ነው የቀረው። በጣም ጥሩ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ቁርስ ምን እንደበላሁ እንኳ አላውቅም። ጭንቅላቴ ጥሩ ከሆነ ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?

ስለ አደጋው የምናገረው ከሰው የሰማሁትን ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የቡና ፍሬ እየለዩ የሚለቅሙ ሴቶችን እቆጣጠር ነበር። በቡናው ወቅት አጋሮ ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ፤ እኔም ጭንቅላቴን ተመታሁ። መንገዱን ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፣ የዚያን ቀኑን ግን ብፈልግ አጣሁት። ከሆስፒታል ወጥቼ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስገባም እንዲሁ ነበርኩ። ወጡን ሁለቴ ጨው እጨምርበታለሁ። ጎረቤት ሰላም ብዬ ዞር ስል መልሼ ሰላም እላለሁ፣ እነሱም ደጎች ናቸው፣ እንደ አዲስ ይመልሱልኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ለሞኝነት እንኳ ሳልበቃ ቀረሁ።

የምታስታምመኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከአደጋው በፊት በዚያ ቤት የምንኖረው እናቴና እኔ ነበርን። እናቴ ከሆሳዕና ወገን በልጅነቷ ለቡና ለቀማ መጥታ እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ግን አልጋዋ ባዶ ነው። «እማዬ የት ሄደች?» እላለሁ። እህቴም «አገር ቤት፣ ዘመድ ጥየቃ» ትለኛለች። «ታዲያ አትደውልም?» ስላት «ያለችበት ገጠር ኔትዎርክ የለም» ትላለች። እቀበላለሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ እጠይቃለሁ።

በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ የማስታወስ ልምምድ የምታሠራኝ ልጅ ነበረች፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ትዕግሥቷ የሚያናድድ። አንድ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ከሦስት ወገን ወደ አንዱ እንድመድበው አስተማረችኝ፦ ያየሁት ነው፣ የሰማሁት ነው፣ ወይስ ያለምኩት? መልመጃውን ወደድኩት። ዕድሜዬን የሠራሁት ሥራ ነዋ፤ ጤነኛውን ፍሬ ወዲህ፣ የነቀዘውን ወዲያ። «ከተምታታብሽ የቤት ሰው ጠይቂ» አለችኝ። «ለጊዜው ያንቺ ትዝታ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።»

ሁሉም እየተመደበ ሄደ። አንዲት ነገር ብቻ አልመደብ አለች።

ማለዳ ነው፤ ገና በቅጡ አልነጋም። ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። እህቴ ከኋላዬ ወገቤን ይዛኛለች። ጎረቤታችን እማማ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ብብቱ ላይ የጠበበኝ ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ። ሁለት እጄን ወደ ራሴ ሳነሣ ጨርቁ ተርርር ብሎ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። «ሕልም ነው» አለች። በሌላ ቀን ብጠይቃትም «ሕልም ነው አልኩሽ እኮ! መድኃኒቱ ነው የሚያቃዥሽ» ብላ ተቆጣች። እሺ ብዬ ከሕልሙ ወገን አስቀመጥኩት፤ አላርፍ አለኝ እንጂ። ሕልም ውስጥ ልብስ ሲቀደድ ብብትን ይበርዳል?

ይባስ ብሎ የልምምዷ ልጅ «የቤተሰብ ፎቶ አምጡ፣ ስምና መልክ እናለማምዳት» አለች። እህቴ የአጎቶችን፣ የአክስቶችን፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶቻችንን ሁሉ ሰብስባ አመጣች። የእናቴ የለም። «የእናትሽስ?» ስትላት እህቴ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ «እሷ ፎቶ መነሣት አትወድም» አለች።

እኔ የማውቃት እናቴ በሰው ሠርግ ሳትጠራ ሙሽሮቹ መሀል ገብታ የምትነሣ ሴት ናት! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የእህቴን ቃል ከተቀበልኩ እናቴን አላውቃትም ማለት ነው። የወለደችኝንም በጭንቅላቴ ራሴ ፈጥሬ ይሆን? በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙን እንዲህ አልኩት፦

«ያ ምስል ላይ የውሸት ትዝታና የእውነት ትዝታ ይለያሉ?»

«አይለዩም» አለ፤ አልሳቀብኝም። «ምስሉ የሚያሳየን ጉዳቱን ነው። እርስዎ ምን እንዳስታወሱ አይነግረንም። እሱን የሚያውቅ አብሮዎት የነበረ ሰው ነው።»

አብሮኝ የነበረ ሰውማ ሕልም ነው ብሎኛል። ስለዚህ ቤት ገብቼ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። እናቴ ናፈቀችኝ፤ የናፈቀችኝ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የልምምዷ ልጅ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ ብቻሽን ከቤት ውጪና አንድ ጉዳይ ፈጽመሽ ተመለሺ። ቅርብ የሚሆንልኝ እማማ ቤት ነው፤ ከአጥራችን ቀጥሎ። እህቴ ገበያ እንደወጣች «ነጭ ክር፣ ነጭ ክር» እያልኩ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰግዳሉ። እስኪጨርሱ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ አበባ ያለበት ሰማያዊ ቀሚስ ተሰቅሏል። ትኩር ብዬ አየሁት። የእህቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ቂንጬ ስታቀርብልኝ ለብሳው ነበር። ቂንጬ! ቁርስ የበላሁትን አወቅሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጥያቄው መጣ። ቀሚሷ እዚህ ከሆነ ገበያ የሄደችው ምን ለብሳ ነው?

ተነሥቼ ሰማያዊውን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ አለ። ብብቱ ጠበብ ያለ ነው፤ በእኔ ቁመት። እጄን ወደ ብብቱ ሰደድኩ። ተቀድዶ ነበር፤ ከጨርቁ ትንሽ በፈዘዘ ጥቁር ክር ተሰፍቷል። ስፌቱን በጣቴ ስዳብስ ብርዱ ብብቴ ሥር መጣ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ እማማ ከኋላዬ። «ልጄ፣ ማን አሳየሽ?»

«ማንም። እማማ፣ ይሄን ቀሚስ ለብሼው አውቃለሁ?»

እማማ ሰማያዊውን መልሰው ሸፈኑበት።

«ሲቀደድ ሰምቼዋለሁ።»

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ…» አሉና የስፌት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ዋላሂ ከዚህ በኋላስ አልዋሽሽም። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ያን ለት እጅሽን ስታነሺ ተተረተረ፣ እኔው መልሼ ጠገንኩት።»

«እማዬ ናት?»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አንቺ ከሆስፒታል በወጣሽ ሰሞን ነው፤ ያው የቆየ የስኳር በሽታዋ።»

ከዚያ እማማ ሁሉንም ነገሩኝ። እንደ ወጉ ማልደው፣ ሽማግሌ ይዘው አረዱኝ። አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት ነቅቼ «እማዬ ቁርስ በላች?» አልኩ። መልሰው ነገሩኝ፤ እንደ አዲስ አለቀስኩ። በሌላውም ጠዋት እንዲሁ። በመጨረሻ እህቴ፣ «በየማለዳው ለአንድ ሰው መርዶ አልነግርም፣ ገደልኳት እኮ» ብላ ሁሉን ሰው አስማለች። ቤተ ክርስቲያናችን ጥቁር አትልበሱ ቢልም እሷ አልተወችም። ደጅ ስትወጣ እዚህ ገብታ ጥቁሯን ትለብሳለች፤ ወደ እኔ ስትመለስ አውልቃ አበባዋን ታጠልቃለች።

የተሰማኝን መናገር ያሳፍረኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እናቴ ሞታ ደስ አለኝ! ትዝታዬ እውነት ነበር፤ ጤነኛዋን ፍሬ ነው ከነቀዘው ጋር ያስጣሉኝ። ፎቶ የምትወደዋ እናቴም እውነተኛዋ ናት። ወዲያው ያቺ እናት እንደሌለች ገባኝ። እማማ ደግፈው መሬት አስቀመጡኝ።

እህቴ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ዘንቢሏን እንደያዘች፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«ሕልም አልሽኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «ለጭንቅላቴ የቀረችለትን አንዲት ነገር ሕልም አልሽብኝ!»

«ምን ላድርግ?» አለች። ዘንቢሉ ከእጇ ወድቆ ቲማቲሙ ተንከባለለ። «ስነግርሽ ትሞቺብኛለሽ፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ። እኔ ግን አልረሳውም። ነገም ትረሺዋለሽ፤ ነገም እማዬ በላች ትይኛለሽ።»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ተቃቅፈን፣ ሦስታችንም፣ እስኪበቃን አለቀስን። የመጣሁበትን ክር ሳልወስድ ገባሁ።

ስተኛ ፈራሁ። ያወቅሁትን ይዤ ልንቃ ወይስ ሳልይዝ፣ የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እህቴ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፣ በውስጥ ልብሷ እንዳለች። በአንድ እጇ ሰማያዊውን፣ በሌላው ጥቁሩን ይዛለች። አፌን ታያለች፤ እኔ የምጠይቀውን ሰምታ አንዱን ልትለብስ።

ጭንቅላቴ እንደ ወትሮው ጭጋግ ነው። ቀኑን አላውቅም። የእናቴን አልጋ አየሁት።

«ጥቁሩን ልበሺ» አልኳት። «የኔንም ከእማማ ቤት አምጪልኝ።»