የባሕር ሣር በወተት ጣሳ

እናቴ እንቅርቷን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አምቦ ገበያ ላይ እንቅርት ያለባት እሷ ብቻ አልነበረችም፤ የእሷ ግን ከዓመት ዓመት እየገፋ ትንፋሿን ያሳጥራት ጀመር። ይህ ሲያንገበግበው የኖረው ታላቅ ወንድሜ ምጽዋ በውትድርና ሳለ፣ በፈቃድ ወደ ጌዶ የሚመጣ ጓደኛውን አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አስይዞ ላከላት። ውስጡ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ደረቅ ነገር ነበር።

ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ ይህ የባሕር ሣር ነው። ዓሣ ይጠለልበታል፣ ውሃውንም ያጠራዋል ይላሉ። ሐኪማችን ለእንቅርት የሚሆን አዮዲን አለበት ብሎኛል። ጥቂት ጥቂት እየፈጨሽ ወጥሽ ላይ ጣል አድርጊበት። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

እናቴ ጣሳውን አሸተተች።

«ዓሣ ዓሣ ይላል። የጾም ነው የፍስክ?» አለችኝ። የገና ጾም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሣር ነው ተብሎ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ እያየሁት፣ ስለ ሽታው ብቻ «የፍስክ ነው፣ ለገና ይደርሳል» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገና ሲደርስ ልፈጭላት ስነሳ ሐሳቧን ቀይራ ጠበቀችኝ።

«ለፋሲካ ይመጣ የለ? እሱ ባለበት እበላዋለሁ።»

«መድኃኒት እንግዳ አይጠብቅም!» ብዬ ተቆጣሁ። ሳቀችብኝ።

የካቲት ላይ ምጽዋ ተያዘች ተባለ። ደብዳቤም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጣሳውን ማን ደፍሮ ይንካ! አልፎ አልፎ ከፍታ ታሸተዋለች፤ መልሳ ትከድነዋለች። እንቅርቱ ግን አልጠበቃትም፤ ድምጿ እየሻከረ ሄደ።

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት ያ ጣሳውን ያመጣው የጌዶ ልጅ ከምርኮ ተለቆ፣ ከስቶ መጣ። ተቀመጥ ብንለው ቆሞ ቀረ። እናቴ ወዲያው ገባት። ነጠላዋን ከአንገቷ ጣለችና፣ ወንድሜን ስታቆላምጠው እንደምትለው «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሲር ሲር ከሚል ትንፋሽ በቀር ምንም አልወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያለቅስላት እሷ ደረቷን እየደቃች አፏን ብቻ ትከፍታለች።

በኋላ ሐኪም ጠየቅሁ፤ ያረጀ እንቅርት በአዮዲን ብቻ አይጠፋም አለኝ። አላጽናናኝም። እኔ ስላልዳነችልኝ አይደለም የምቆጨው፤ ለልጇ አንዴ የምትጮህበት ድምፅ ብቻ በቀረላት።

ጣሳው መደርደሪያው ላይ እንደ ሞላ ነበር።