«አልችልም» ከምትለዋ ምልክት በፊት

ታላቅ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። ካዛንቺስ ባደግንበት ግቢ የምልክት ቋንቋ አቀላጥፌ የማወራው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ከእሱ ጋር ጉዳይ ያለው ጎረቤት ሁሉ የሚጠራው እኔን ነበር። እማዬ እንኳን ወሬው ጠንከር ሲልባት «እስቲ ምን እንደሚል ጠይቂልኝ» ትለኛለች። ወንድሜ መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህር ሆኖ ሐዋሳ ሲቀጠር ታዲያ ቤቱ ጭር አለ፤ የእኔም እጆች ሥራ ፈቱ።

ያኔ ከቤታችን አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ፎቅ ላይ የሕንፃ ንድፍ የምንሠራበት ትንሽ ቢሮ ነበረኝ። የንግድ ኢንተርኔት ያስገባሁት ለሥራው ነው ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ለወንድሜ ነበር። በስልክ ዳታ ስንደዋወል ምስሉ ይቆራረጥብናል። የሚሰማ ሰው ምስል ቢቆምበት ድምፅ ይተርፈዋል፤ ለእኛ ግን ጣት ከቆመ ንግግሩም ቆመ ማለት ነው። ኮንትራቱ ላይ «እስከ ሃያ ሜጋ» የሚል አየሁና ፈረምኩ። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን አላነበብኩም።

መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ እሱም ክፍል ሳይጀምር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ ነበር። የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታየኛል። አንዳንዴ ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ ወስጄ የግቢያችንን ጣሪያ አሳየዋለሁ፤ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

አንድ ረቡዕ ግን በአራት ሰዓት ደወለ። ቢሮው ውስጥ አምስቱም ኮምፒውተሮች ንድፍ እየላኩ ነበር። «ለቅዳሜ አዲስ አበባ መምጣት» ብሎ እጁ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ምስሉ ሲመለስ ተማሪዎቹ እየጎተቱት በእጁ ሲሰናበተኝ ነው የደረስኩት። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ደስታዬ አላስቻለኝም።

እማዬ አልጋውን አነጠፈች፣ የሚወደውን ምስር ሠራች። ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ቆሜ ከሐዋሳ የሚገባውን መኪና ሁሉ አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የት እንደደረሰ በመልእክት ጠየቅኩት። መልሱ ወዲያው መጣ። «መምጣት አልችልም ብዬሽ ነበር። ፈተና አለብን። አንቺ ደግሞ ፈገግ አልሽ፤ ከፍቶኝ ነበር።»

«አልችልም» የምትለዋ ምልክት መጨረሻ ላይ ነበረች። ምስሉ ከእሷ በፊት ነው የቆመብኝ። ሰው በተጨናነቀበት መናኸሪያ መሐል፣ መቅረቱ ሳይሆን በመቅረቱ የተደሰትኩ መስሎት መሰንበቱ ከነከነኝ። ሁኔታውን ጽፌ አስረዳሁት፤ ግን በጽሑፍ ማውራት አንወድም ነበርና ልቤ አልረካም።

ሰኞ ኢንተርኔት የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ አስጠራሁ። መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ አማረርኩላቸው። ራውተሩን አዩ፣ ፍጥነቱን ለኩ፣ ከዚያ ኮንትራቱን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

«መስመሩ ምንም አልሆነም፣ እህቴ» አሉኝ። «ይሄ እስከ ሃያ የሚለው ቡርስት ነው። መስመሩን የሚካፈሉሽ ሌሎች ደንበኞች ሳይጠቀሙ ሲቀሩ የምታገኚው ትርፍ ማለት ነው። ሁሉም ሲገባ ወደ ዋስትናሽ፣ ቃል ወደተገባልሽ ፍጥነት፣ ትወርጃለሽ። ዋስትናሽ ሁለት ሜጋ ነው፤ እሱንም ለአምስት ኮምፒውተር ነው የምታካፍዪው።»

ታዲያ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚፈጥን ጠየቅኳቸው።

«ጎረቤቶችሽ አልገቡማ። መቋረጥ የሌለበት ነገር ካለሽ፣ እስከ ስንት ይደርሳል ብለሽ አትጠይቂ። ከስንት አያንስም ብለሽ ጠይቂ።»

በዚያው ሳምንት ዋስትናውን ወደ አሥር አስጨመርኩ። ለወንድሜም ባለሙያው ያሉኝን ሁሉ በእጄ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ «ስንት ሰዓት ጠበቅሽኝ?» አለኝ። አራት ሰዓት ስለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ። ግቢያችንም የቢሮዬም ፎቅ ፈረሱ። እማዬና እኔ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ቢሮዬን ወሎ ሰፈር ወሰድኩት። አዲሱን መስመር ሳስገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ዋስትናውን ነበር። አሁን በፈለግነው ሰዓት እናወራለን፣ እጁ አንዴም አይቆምብኝም። ብቻ መስኮቱ ጋ ወስጄ የማሳየው ነገር የለኝም። እሱም አይጠይቀኝም።

ለፋሲካ መጣ። በማግስቱ ካዛንቺስ ውሰጂኝ አለኝ። እማዬን እንሂድ ብንላት «ለእኔ እንደነበረ ይቅርልኝ» ብላ ቀረች።

ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ ሣር፣ የመብራት ምሰሶዎች። ወንድሜ እግረኛ መንገዱ ላይ ወዲህ ወዲያ አለና ቆመ። «በራችን እዚህ ነበር» አለኝ። ትንሽ ወደ ግራ ይመስለኛል አልኩት። ሦስት እርምጃ ሄደና እንደገና ጠየቀኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። እርግጠኛ አለመሆኔን ሲያይ ተመልሶ አጠገቤ ቆመ።

ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሙሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ በመስኮት ያይ ነበር።