ሁለቴ የሚቀዳ ምክር

«ይህ አኒሜ በጣም አሪፍ ነው። መጨረሻ ላይ ታላቅ ወንድሙ ይሞታል። አሥር ከአሥር።»

ይህን ያነበብኩት ወንድሜ በሞተ በስድስተኛው ሳምንት፣ ጂዳ ሂንዳዊያ ሰፈር ከምሠራበት የልብስ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ግምገማው ይኸው ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንደኛው ምንም አልነገረኝም፤ ሁለተኛው ላላየ ሰው ሁሉ መጨረሻውን አበላሸ፤ ሦስተኛው ቁጥር ነው። ከሥሩ አሥራ አራት ሰው «ማሻአላህ» ብሎ ጽፎለታል።

ተናደድኩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በካርቱን ይናደዳል ወይ? እኔ ተናደድኩ።

ይህ የተጻፈበትን የስልክ ግሩፕ የከፈተው ወንድሜ ነው። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። መካ፣ ኩዳይ፣ ሑጃጁን፣ የሐጅ ተጓዦቹን የሚያመላልሱ አውቶቡሶች በሚያድሩበት ግቢ ይሠራ ነበር፤ ያጥባል፣ መውጫ መግቢያቸውን ይመዘግባል። አምስት ቀን እዚያው ያድርና ሐሙስ ሐሙስ ጂዳ ወደኛ ይመጣል። በሥራው መሃል በስልኩ አኒሜ ያያል፣ ጌም ይጫወታል። «አማርኛ ስለ ኳስ ሲከራከር ይውላል፤ ስለ አኒሜ ለምን አፉ ይያዛል?» ይል ነበር። ስለዚህ ግሩፕ ከፈተ። እዚህ ያደጉ ልጆች፣ ሠራተኞች፣ አገር ቤት ያሉም ገቡ። ያዩትንና የተጫወቱትን በአማርኛ ይገመግማሉ።

እሱ በግሩፑ ላይ የሚጽፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አነበብኩት።» ከሁሉም ግምገማ ሥር። እሱም እንደሌሎቹ ሳያነብ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። በዚህም አሾፍበት ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ በመካው ታላቅ መስጊድ፣ ሐረም ውስጥ ተሰገደበት፤ ስሙን የማያውቅ ያ ሁሉ ሰው ሰገደለት። ከዚያ ተቀበረ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ፣ «ድምፁ ስልክህ ውስጥ የለም?» አለችኝ። ፈለግኩ። ከእሱ ጋር የተጻጻፍኩትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየሁ። «ዳቦ አለ?» «መጣሁ።» «በሩን ክፈት።» አንድም ድምፅ የለም። ሐሙስ ሐሙስ ቤት የሚመጣ ሰው ለወንድሙ ድምፅ ቀድቶ ለምን ይልካል? የእሱ ስልክ ደግሞ የተቆለፈ ነው። ይሆናል ያልኩትን ቁጥር ሁሉ ሞከርኩ፤ በመጨረሻ ስልኩ ራሱ ዘጋኝ።

«የለም፣ እማ» አልኳት።

«እስኪ ደህና አድርገህ ፈልግ» አለች። በየሁለት ቀኑ ትጠይቀኛለች።

በዚህ መሃል ነው ግሩፑ «አንተ ተካው» ያለኝ። ወንድሜ ድሮ ሁለተኛ አድሚን አድርጎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ጽሑፍ የማውቀው አስተማሪያችን በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረችብኝን ነው። ቢሆንም ጀመርኩ። ለባለ አሥር ከአሥሩ በግሩፑ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «ይህ ግምገማ አይደለም፤ መርዶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁ። ለሌላው፣ «ታሪኩን አትንገረን፤ ያሰብከውን ንገረን» አልኩ። እሱ ምንም አላሻሻለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ታሪኩን ከነ ስም ዝርዝሩ አምጥቶ ዘረገፈው። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰውን ዓይን እንዳያገኘው የሚባል ነው። እኛ ጋ ግን ሳያነቡ ለማለፍ ነበር የሚያገለግለው። ግሩፑን ወንድሜ የሠራው ለዚህ ነው? እላለሁ። ደሜ ይፈላል።

ከዚያ የአንዲት አባል ግምገማ መጣ።

በቅጽል ስም ነበር የምትጽፈው። ደሴት ላይ እርሻ ስለሚታረስበት አንድ ጌም ነው የጻፈችው። ረጅም ነው። መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ጌም ዝናብ ሲመጣ ሰዎቹ ቤት አይገቡም። ቆመው ያዩታል። እኔ ይህን ወደድኩት።» ጥሩ ነበር። አሁን ሳስበው ጥሩ ነበር። ያን ቀን ግን እኔ ስሕተት ስፈልግ ነበርና አገኘሁ።

እንዲህ ጻፍኩ፦ «አንቺ ይህን ጌም ተጫውተሽው አታውቂም። ስለ ጆይስቲኩ አንድ ቃል የለም። ስለ መሸነፍ አንድ ቃል የለም። ሁልጊዜ ‹ሲያደርጉት› ነው የምትዪው፤ ‹ሳደርገው› ብለሽ አታውቂም። ታሪኩ ደግሞ ሁልጊዜ መግሪብ ላይ፣ ልጆች ለማታ ሶላት በሚጠሩበት ሰዓት ይቋረጣል። የሌላ ሰው ልጆች ሲጫወቱ ከኋላ ቆመሽ ያየሽውን ነው የጻፍሽው። ያልነኩትን መገምገም ውሸት ነው።»

ላክሁት። ኮራሁም። እያንዳንዱ ነጥብ ልክ ነበር።

«ዋላሂ ልጁ መርማሪ ነው!» አለ አንዱ።

«የማን ልጆች ናቸው ግን?»

«ኧረ ሸጋላ ናት! የሰው ቤት ሠራተኛ!»

«መዳም ጆይስቲክ ከልክላት ነዋ።»

«እህቴ፣ የልብስ ማጠቢያውንም ገምግሚልን። ስንት ከአሥር ነው?»

ይህን ያለው ባለ አሥር ከአሥሩ ነው። ጽሑፉን ያጠፋሁት ዘግይቼ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኛ ስለነበረብኝ። እሷ ያኔ ከግሩፑ ወጥታለች።

በማግሥቱ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። አዎ፣ ሸጋላ ነኝ። እዚሁ ጂዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር ነው የምሠራው። ልጆቹ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ጆይስቲኩን መንካት አይፈቀድልኝም። ይህን ግሩፑ አያውቅም ነበር። ወንድምህ ግን ያውቅ ነበር።»

«እሱ ከየት አወቀ?»

«እንዳንተው፣ ከጽሑፌ። ግን እሱ ለብቻዬ ነው የነገረኝ። በቮይስ። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር፤ አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። «አነበብኩት» ከሚለው ቃል በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው በውስጥ መስመር ድምፁን ቀድቶ ይልክ እንደነበር እኔ፣ ወንድሙ፣ አላውቅም ነበር።

«ቮይሶቹ አሉሽ?» አልኳት።

«አሉኝ።»

«በአላህ ላኪልኝ። እናታችን ድምፁን ትፈልጋለች። እኔ አንድም የለኝም።»

«አማና ነው፤ አደራ» ብላ ጻፈች። «ለኔ ብቻ የተሰጠ ነሲሓ፣ ምክር ነው። ውስጡ ጥፋቴ አለ። አንተ ደግሞ እጅህ የገባውን አደባባይ ታወጣለህ። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ በኋላ የጻፍኩላትን አላነበበችም።

በእሷም ተናደድኩ። ምን ውሸት ተናገርኩ? እላለሁ። ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ባለ አሥር ከአሥሩን ሳይቀር። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ «ሰምተህ አጥፋው» ይላቸው ነበር። የሰው ጉድለት ተቀምጦ እንዲቆይ አይወድም። እነሱም እንዳላቸው ሰምተው አጥፍተውታል። እሺ ብለው የማያውቁ ሰዎች፣ በዚህ ብቻ እሺ ብለውታል። ያላጠፋችው እሷ ብቻ ናት። እኔም ያስቀየምኳት እሷን ነው።

አንድ ዓርብ የወንድሜን ቦርሳ ለማምጣት ኩዳይ ሄድኩ። አብሮት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነው ያስቀመጠለት። ፀሐዩ ስለከረረ ቆሞ በነበረ አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ አላህ ይዘንለትና ወንድምህ ጉደኛ ነበር» አለኝ። «እዚያ ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ስልኩ ላይ ይጮኻል። ‹እንዴት እንዲህ ትላለህ! ይህ ልጅ እኮ መጀመሪያውኑ ሰይፉን አልፈለገም!› ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ጂን የያዘው መስሎኝ ቁርኣን ልቀራበት ነበር።»

«ሲጮኽ ነው የሚቀዳው?»

«ቆይ እንጂ። ጮኾ ጮኾ ያጠፋዋል። ውኃ ይጠጣል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል፤ አሁን እንደ ሰው ቀስ ብሎ። ‹ለምን ሁለቴ ትደክማለህ?› አልኩት። ‹ፊተኛው ለኔ ንዴት ነው፤ ሁለተኛው ለሰውየው ነው› አለኝ።» ሳቅ አለ። «እኔም ለሚስቴ ሞከርኩት።»

«እና?»

«ፊተኛውን ሳላጠፋ ላክሁት።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረልኝ።

«አጎቴ፣ እሱ የሞተበት አውቶቡስ ይኼ ነው?» አልኩት።

«አይደለም፣ ልጄ። ያኛው ጉዞ ላይ ነው። ይኼ ሌላ ነው። ተቀመጥ ከፈለግህ።» ወርዶ በሩን ዘጋልኝ።

ሄጄ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መቅጃውን ተጫንኩ። እውነት ነው የተናገርኩት አልኩ። ጆይስቲክ ሳይነኩ ግምገማ የለም አልኩ። የሰው ወንድም ድምፅ ይዞ አማና ማለት ምን ማለት ነው አልኩ። ከዚያ እሷን ተውኩና ወንድሜን መናገር ጀመርኩ። ለማታውቀው ሰው ሁሉ ድምፅህን ስትልክ ለኔ ዳቦ አለ ወይ ብቻ? አልኩ። አራት ደቂቃ ሞላ። አጠፋሁት። ውኃ አልነበረኝም።

ሁለተኛውን ስቀዳ ቃል ይጠፋኝ ነበር። ጽሑፏን እያየሁ፣ እየቆምኩ ነው ያወራሁት። «እህቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ያልነኩትን መገምገም ውሸት ነው ያልኩት ልክ አይደለም። ያየ ሰው ያየውን መናገር ይችላል። ስለ ዝናቡ የጻፍሽው ጥሩ ነው፤ ጆይስቲክ የያዘ ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ያንን አያይም። ግን ከየት ሆነሽ እንዳየሽው አልነገርሽንም፤ እኔ የተጠራጠርኩት ለዚያ ነው። ‹ከጎን ሆኜ አየሁት› ብትዪ ይበቃል። ለምን ከጎን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ደግሞ... እኔው ነበርኩ፣ ያውም ሰው ፊት የጠየቅኩት። አፉ በይኝ። ከዝናቡ በፊት ያሉት ሦስቱ አንቀጾች ታሪክ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱን አውጪያቸው። ሰምተሽ አጥፊው።»

ድምፁን ላኪልኝ ማለት አማረኝ። አፌ ላይ ነበር። አላልኩም። ላክሁት።

አራት ቀን አልሰማችውም። እኔም አራት ቀን ራሴን ረገምኩ፤ ምንም የማልፈልግ መስዬ ነበር ያወራሁት፣ ድምፁን መጠየቅ ነበረብኝ እያልኩ። እናቴ ሁለቴ ጠየቀችኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ሱቅ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ስደረድር፣ እንደገና የተጻፈው ግምገማ መጣ። መነሻው እንዲህ ይላል፦ «ይህን ጌም ተጫውቼው አላውቅም። ልብስ እየተኮስኩ ከበር ላይ ነው ያየሁት።» ሁለቱን አንቀጾች አውጥታቸዋለች። ሦስተኛውንም አሳጥራዋለች፤ እሱን እንኳ አላልኳትም።

«ለግሩፑ አላወጣውም» ብላለች። «ላንተ ነው።»

«አነበብኩት» ብዬ መለስኩ።

ከዚያ አንድ የወንድሜ ቮይስ መጣ። ከሥሩ፣ «አንዱን ብቻ። እናቱን አሰማት። ከዚያ አጥፋው» ይላል።

ለብቻዬ አልሰማሁትም። ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ። እናቴ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ስልኩን ራሷ ያዘችው።

ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ነው። መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ሦስተኛው ክፍል አሰልቺ ነው ብለሻል። እሺ። ግን የቱ ጋ ሰለቸሽ? ልጅቷ ዝም ስትል ነው ወይስ ሲሮጡ? አሰልቺ ማለት ግምገማ አይደለም፤ ቦታውን አሳዪኝ። እስኪ እንደገና እዪውና ጻፊልኝ። ያላ በይ፣ ሰምተሽ አጥፊው።»

አለቀ። ስለኛ ምንም የለውም። ስለ ካርቱን ነው። አኒሜውን አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛው ክፍል በእውነት አሰልቺ ነው፣ ከየትኛውም ቦታ ቢያዩት። አሁን ልከራከረው ፈለግኩ።

«ምንድን ነው የሚያወራው?» አለች እናቴ።

«ስለ ካርቱን ነው፣ እማ።»

«ጉሮሮው ደርቋል» አለች። «ውኃ አልጠጣም። እስኪ ድገመው።»

ደገምኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ ወንድሜ አጥፊው ይላል፣ እናቴም ድገመው ትላለች።

በማግሥቱ ባለ አሥር ከአሥሩ አዲስ ግምገማ አመጣ፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገዳዩ ማን እንደሆነ ይናገራል። አሥራ አንድ ማሻአላህ። እኔ ከሥሩ «አነበብኩት» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሱቁ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፊተኛው ቀረጻ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ ስለ ልብስ ማጠቢያውም አነሳሁበት። አጠፋሁት። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ነው፤ እሱን ላክሁለት። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ከዚያ ለእሷ ጻፍኩ። መዋሸት አልቻልኩም። «እናቴ ሰምታዋለች፤ ጀዛኪላህ ኸይር። ግን አላጠፋሁትም። አላጠፋውምም።»

ወዲያው አየችው። መልስ ለመጻፍ ጀመረች፣ ተወች፣ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ የመጣው አንድ ቃል ነው።

«አነበብኩት።»

ተቆጥታ ይሁን አይሁን ከቃሉ አይታወቅም።