የኋላሸትና ያልታየው ሂሊየም

በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ «የኋላሸት ካሴ ቅናት የማያውቅ ሰው ነበር» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። ባለቤቱ ነኝ፤ ሥራዬም መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ እንዳለ አልተወውም። የኋላሸት ይቀና ነበር። የሚቀናውም በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በማርቆስ።

ማርቆስ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ነው። ባሕር ዳር አብረው ተማሩ፤ ሁለቱም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በሱፐርኖቫ፣ ማለትም ፈንድተው በሚሞቱ ከዋክብት ላይ ነው። ከዚያ ማርቆስ ትልቅ ቴሌስኮፕ ወዳለበት አገር ሄደ። የኋላሸት እናቱ ታመውበት ወረታ ቀረ፤ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ። ማርቆስም ያለበት የቀድሞ መምህራቸው ቡድን ግን አልለቀቀውም። የፈነዱ ከዋክብት ብርሃን ተተንትኖ በኢሜይል ይደርሰዋል፤ እሱም ዓይነታቸውን ይለያል።

ለተማሪዎቹ በሩዝ ያስረዳቸው ነበር። ሩዝ ገለባውን እንደለበሰ ሁሉ ኮከብም ከላይ ሃይድሮጅን፣ ከሥሩ ሂሊየም ለብሷል። አንዳንዱ ከመፈንዳቱ በፊት ሃይድሮጅኑ ተገፍፎ ሂሊየሙ ብቻ ይቀርለታል፤ ገለባው ወልቆ ቀይ ሽፋኑ እንደቀረ ሩዝ። ይህ «አንድ-ቢ» ይባላል። ሂሊየሙም የተገፈፈው፣ እንደ ነጩ ሩዝ፣ «አንድ-ሲ» ነው። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ያላየ ልጅ የለምና ወዲያው ይገባቸው ነበር።

የቡድኑ ደንብ አጭር ነው፤ ዓይነቱን ቀድሞ የላከ ሰው ስሙ በሪፖርቱ ላይ ከፊት ይጻፋል። የማርቆስ ስም ብዙ ጊዜ ከፊት ተጽፏል። የየኋላሸት ግን አንድም ጊዜ ከፊት አልተጻፈም።

በሞተበት ዓመት ግንቦት ላይ አዲስ ፍንዳታ ተገኘ። አማቴ አቶ ካሴ ሩዝ ሊያስፈለፍሉ ወረታ መጥተው እኛ ቤት አረፍ ብለዋል። የኋላሸት ከላፕቶፑ ቀና አለ።

«ሂሊየም የለም! አንድ-ሲ ነው። ማርቆስ ገና አልላከም።»

«ሁለተኛው መረጃ እስኪመጣ ብትቆይስ?» አልሁት።

«እስክቆይ እሱ ይልካላ! እሱ ሰማዩ ደጁ ላይ ነው። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ አጥር ላይ ስንጠላጠል ነው የምውል።»

አቶ ካሴ ጣልቃ ገቡ። «አንተ ልጅ፣ ኮከቡ ሞቷል አላልኸኝም?»

«ሞቷል፣ አባባ።»

«ታዲያ በሬሳ ነው የምትቀናኑት?»

እኔ ሳቅሁ። እሱ ሳይስቅ ላከው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ማርቆስ ደወለ። ስልኩን አጠገቤ ሆኖ ነው ያነሣው።

«የኋላ፣ ሁለተኛው ወጣ። ሂሊየም አለበት፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»



ሂሊየም ከፍንዳታው ውስጥ የሚወጣው ኃይል እስኪደርሰው ድረስ፣ እያለም ላይታይ ይችላል። ሩዝ ላይ ሽፋኑ ካልታየ የለም፤ ኮከብ ላይ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። ይህን ከማርቆስ እኩል ተምሮታል። ዓመት በዓመት ያስተማረው የሩዝ ምሳሌና ቅናቱ ተባብረው አሳሳቱት።

«ለማንም አልተናገርሁም» አለ ማርቆስ። «ራስህ አርመው፤ ስምህ ከፊት እንዳለ ይቀራል።»

«ውለታ መዋልህ ነው?»

«የምን ውለታ! ጓደኛዬ አይደለህ እንዴ?»

«ያየኸው አንተ ነህ» ብሎ ዘጋበት።

ግቢውን ሲዞር ዋለ። «ምናለ ትንሽ እንኳ ክፉ ቢሆን፣ ሰገን?» አለኝ። «እንደ ልቤ እጠላው ነበር።» ማታ፣ እራት ሳይቀርብ፣ እርማቱን ላከ። «አንድ-ሲ» ያለውን ሽሮ «አንድ-ቢ» አለው፤ የማርቆስን ስም ከፊት፣ የራሱን ከኋላ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ማርቆስ ሲደውል አላነሣም። በክረምቱ ጉበቱን ታመመ፤ ኅዳር ላይ አረፈ።

ማርቆስ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከድንኳኑ ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ተቀይሞኝ ነው የሄደው?»

አይ እንድለው እንደፈለገ ገብቶኛል። «አዎ» አልሁት። «ይቀናብህም ነበር።»

«ስሜን ከፊት አድርግልኝ አላልሁትም እኮ፣ ሰገን።»

«አውቃለሁ» አልሁት። «ብትለውማ አያደርገውም ነበር።»