ከወንዙ ግርጌ የምታጥበው በለጡ

ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ወንዝ አጣቢም እንደ ማዕረጓ ነው የምትሰለፈው። የቤተ ክርስቲያን ልብስ የሚያጥቡ ከላይ፣ የመኳንንት ከሥራቸው፣ የድኻ ከዚያ በታች። በለጡ ከሁሉም ግርጌ ነበረች። ቁምጥና የያዛቸውን ሰዎች ጨርቅ ታጥባለችና ከእሷ የሚወርደውን ውሃ የሚፈልግ የለም።

በዓል ሲደርስ ግን እነዚያው የላይኞቹ ሥራ ሲበዛባቸው ጥቅላቸውን ሸፋፍነው ወደ እሷ ያወርዱት ነበር። እንዶድ ወቅጦ፣ በአመድ ውሃ ቀቅሎ፣ ድንጋይ ላይ ረግጦ እንደ እሷ የሚያነጣ በሐረር አልነበረም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። የእኛ ጨዋነት እንዲህ ነው!

አባቷ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። ባሏም ወታደር፤ ቆላ ወርዶ ንዳድ በላው። የቀረቻት ገላነሽ ብቻ ናት። ገላነሽን ደግሞ የጉምሩክ ጸሐፊው አባይነህ ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች። በለጡ ይህን ጋብቻ ሳታይ እንዳትሞት ስለት ተስላ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኤደን ሄዶ እንግሊዝኛ የተማረው አስተርጓሚ ዐብዱልሐሚድ የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሸሚዞች ሊወስድ መጣ።

«ወላሂ እትዬ በለጡ፣ ያለፈውን ሲያይ ተደነቀ። ‹ንጽሕና ከእግዚአብሔር ቀጥላ ናት› አለ። የአገሩ ተረት ነው።»

«ቀጥላ? ታዲያ መላእክቱ የት ሊሄዱ ነው?»

ዐብዱልሐሚድ ሳቀ። «ገላውንና ልብሱን የሚያነጻ ሰው ወደ ፈጣሪው ይቀርባል ነው ነገሩ። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰባኪያቸው ለምእመኑ ተናግሮታል ይላሉ፤ እሱም ሲባል የሰማውን ነው እንጂ የራሱ አይደለም አሉ። በእኛም ንጽሕና የኢማን፣ የእምነት ማለት ነው፣ ግማሽ ነው።»

«እንግዲያ ግማሹን ጨርሻለሁ በለኛ!» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ከልቧ አልወጣም።

እሑድ አባይነህ የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። ባላምባራስ ተክለጻድቅ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር።

«ስሚ በለጡ፣ ልጅቷን ወደናል። የፈራነው ያንቺን እጅ ነው። ከዛሬ ወዲያ የቆማጣ ጨርቅ አልነካም ብለሽ ማዪልን፤ ጥር ላይ እንደግሳለን።»

«እነሱንስ ማን ይጠብላቸው?»

«እግዜር።»

«እግዜርማ እኔን ላከ፣ ጌታዬ። ፈረንጆቹ እንኳ ንጽሕና ከእግዚአብሔር ቀጥላ ናት ይላሉ።»

«ለፈረንጅ ንገሪያ! እኛ ልብሳችንን የምናሳጥበው በንጹሕ እጅ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

በለጡ ጋቢውን አየችው። ደሟ ፈላ።

«ይሄን ጋቢ አጣቢዎ አውርዳልኝ ማክሰኞ የረገጥሁት እኔ ነኝ። ጥለቱ ላይ ጧፍ የለበለበው አለ፤ ይዩት።»

ባላምባራስ ጫፉን ገልበጥ አድርገው አዩ። አገኙት። ጋቢውን እንደ ፍም ከትከሻቸው ጣሉትና ተነሡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው።

ጋቢው እኮ ያው ጋቢ ነው! ማክሰኞ ነጭ፣ እሑድም ነጭ። የቆሸሸው የአጣቢዋ ስም ሲነገር ነው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ነጭ ለብሰው ቅዳሴ የሚቆሙት።

ገላነሽ ከጓዳ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች።

«እማዬ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? እምቢ አልሽ፣ ደግ። ጋቢውን ምን አመጣው?»

በለጡ መሬት መሬቱን አየች። ስለ ድውያኑ ብላ ቢሆን ልጇን ቀና ብላ ባየቻት። ጋቢውን ያናገራት ግን የገዛ እልኋ ነው፤ ታውቀዋለች።

ገላነሽ ጋቢውን ከመሬት አነሣችና አራግፋ፣ አጥፋ፣ እየሮጠች ወጣች። ሽማግሌዎቹ ገና ሩቅ አልሄዱም ነበር። «ጌታዬ! ባላምባራስ! ጋቢዎን!» እያለች ስትጣራ በለጡ ከውስጥ ትሰማታለች። የመለሰላት አልነበረም።