የሜርቭ ዚልም አፍንጫ

የእህቴ ባል ሜርቭ ዚልም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ድካም ሲያሸትና ሲተፋ ኖሯል። ሥራው የወይን ጠጅ ዳኝነት ነው። እዚህ ባሮሳ ሸለቆ ውስጥ ወይን የማይተክል ቤት እምብዛም ስለሌለ፣ እሱ ያላስቀየመው ቤትም እምብዛም የለም። ባሌ እንደ ልጅ ያሳደገውን የኛን ቀይ ወይን ጠጅ፣ ሺራዙን፣ አንድ ጊዜ ወደ አፍንጫው አስጠጋና "የተቀቀለ ጃም፤ ከሥሩ የፈረስ ላብ አለበት" ብሎ ባልዲው ውስጥ ተፋው። የማን እንደሆነ አላወቀም፤ ዳኞች ብርጭቆው ላይ የሚያዩት ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ቢያውቅም ግን ያው ነበር።

ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። አባቱ እንደኛ አባቶች ሁሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወይን የሚገርዝ፣ እሑድ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያንቀላፋ ገበሬ ነበር። ልጁ የወይን ጠጅ ኮሌጅ ገብቶ ሲመለስ ነው ነገር የተበላሸው። ነጩ ወይን ጠጅ የሎሚ አበባና የእርጥብ ድንጋይ ጠረን አለው ማለት ጀመረ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እርጥብ ድንጋይ የላሰው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። የከተማችን ዓመታዊ የወይን ጠጅ ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ አድርጎ ሲሾመውማ ከእሱ ወዲያ ላሳር ሆነ። እህቴ ኢልማ ያንን አፍንጫ እንዳትረብሽ ብላ ሽቶ መቀባት ተወች። እኔ ብሆን አፍንጫውን ይላስ ብዬ በእጥፍ እቀባ ነበር።

አምና አንድ እሑድ እነሱ ዘንድ ምሳ ተጠራን። የወጥ ቤቱን በር ስከፍት የጋዝ ሽታ አፈነኝ። የምድጃው እሳት ጠፍቶ ጋዙ ይወጣል፤ ሜርቭ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነባል። ዘልዬ ጋዙን ዘጋሁና መስኮቶቹን በረጋገድኳቸው።

"ምን ነካሽ ግሌኒስ? ብርድ አስገባሽብን እኮ" አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ኢልማን ጓሮ ወስጄ ሳፋጥጣት እያለቀሰች ነገረችኝ። ከካቻምናው የክረምት ጉንፋን ወዲህ ሜርቭ ቡናን ከቤንዚን አይለይም፤ ሐኪሙም ተስፋ አስቆርጦታል። ያን የሰብሳቢነት ወንበር ካጣ ሰው ሆኖ አይኖርም፣ ለአንድም ሰው እንዳትናገሪ ብላ ለመነችኝ።

ታዲያ እንዴት ሲዳኝ ከረመ? ዘዴው ቀላል ነው። ዳኞቹ እያንዳንዳቸው ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ፤ ከመቶ የሰጡትን ነጥብ በእርሳስ ይጽፉና በየተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሰብሳቢው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሜርቭ የሁሉንም ሰምቶ መሃል ላይ የወደቀውን ቁጥር ይጠራል፣ ከላዩ አንድ ስድብ ጣል ያደርግበታል፤ አለቀ። ሁለት ውድድር እንዲህ አለፈ። ጭራሽ ዕድሜ አፍንጫውን ስሎታል ተብሎ ተወራለት።

እኔ በውድድሩ ቀን ነጭ ጋዋን ለብሰው ብርጭቆ ከሚሞሉት አንዷ ነኝ። ዝም ያልኩት ለእህቴ ብዬ ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ በሰው ፊት ሲወድቅ ላየው ጓጉቼ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን በየእሑዱ ቂሜን እንደያዝኩ አጥብቄ ጸለይኩ።

ጸሎቴ ዘንድሮ የደረሰ መሰለኝ። ሜርቭ ጡረታ ሊወጣ ነውና ከእንግዲህ የውድድሩ ዋንጫ በስሙ እንዲጠራ ተወሰነ። ምክትሉ ትሬንት ደግሞ በወይን ጠጅ ዶክትሬት ያለው፣ ጎንበስ ቀና ማለት የማይሰለቸው ሰው ነው፤ ሌላ ክብር ጨመረለት።

"የመጨረሻዎቹን ብርጭቆዎች መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩባቸው፤ እኛ እንማርበት" አለው።

ሜርቭ ፊቱ አመድ መሰለ። እንቢ ቢል ምን ብሎ? ዳኞቹ ሁሉ አጨበጨቡለት።

የቀረቡት ሪዝሊንግ የሚባሉ አሮጌ ነጭ ወይን ጠጆች ናቸው፤ የሚጠመዘዘው ቆርቆሮ ክዳን ሳይመጣ በቡሽ የታሸጉ። አንዱን ስቀዳ ዝናብ የመታው ካርቶን ሸተተኝ። ቡሹ ሻግቶ ወይን ጠጁን አበላሽቶታል። ይሄን ሽታ በዚህ ሸለቆ ቄሳችን እንኳ አይስተውም፤ ነውርም የለበትም። አንዱ ዳኛ እጁን አንስቶ ሁለተኛው ጠርሙስ ይምጣ ይላል፣ ይመጣል።

ትሬንትና ሌሎቹ ሁለት ዳኞች አሽትተው ጻፉ። ትሬንትማ ፊቱን ሲያጨማድድ አይቼዋለሁ፤ ሜርቭ ግን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ነበርና አላየውም። የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ እንደ ማር ያበራል። ረጅም አሸተተ፣ ጎንጨት አለ፣ ተፋ።

"ዘጠና ስድስት። የወርቅ ሜዳሊያ ነው" አለ። "ይህን ያህል ዓመት ተኝቶ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚነሳ ብዙ አታገኙም።"

ልቤ በደስታ ዘለለ። አሁን አለቀለት ስል፣ ሦስቱም እርሳሳቸውን ገለበጡና በእርሳሱ ቂጥ ባለው ላጲስ የጻፉትን ፈገፈጉ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ! ትሬንት ዘጠና አምስት አለ፣ ንጽሕናው እንደሚገርምም አከለበት። ሁለቱም ተከተሉት። ሠላሳ ዓመት ሜርቭን ስጠላ እንደነዚህ ሦስት ሰዎች ጠልቼው አላውቅም።

ሜርቭ ላጲሶቹን አይቷል። ዝም ቢል ስሙን ዋንጫው ላይ አስጽፎ፣ ተጨብጭቦለት ቤቱ ይገባ ነበር። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ትሬንት፣ ከማጥፋትህ በፊት ስንት ብለህ ነበር?"

ትሬንት አንገቱን ደፋ።

"ቡሹ ሻግቷል፣ አይደል?"

 ሜርቭ የዳኝነት ጋዋኑን አወለቀና ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው።

"የኔን አፍንጫ ጉንፋን ከወሰደው ሁለት ዓመቱ ነው" አላቸው። "የእናንተን ማን ወሰደው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ግሌኒስ፣ እባክሽ ሁለተኛውን ጠርሙስ አምጪላቸው" አለኝ። እባክሽ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ስመለስ ወጥቷል። ለሦስቱም ቀዳሁላቸው። አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ተፉ፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ መጀመሪያ የሚናገር ጠፋ።